አጣጥና 10 ቢሊዮን ዶላር፤ ከደን ቅጠል እስከ ካንሰር መድኃኒት ገንዘቡ የሚቆመው የት ላይ ነው?

አቢቪ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2023 ኢሚዩኖጄን የተባለውን ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፡፡ ግዥውም በፌብሩዋሪ 2024 ተጠናቀቀ፡፡ አቢቪ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው ለሕንፃና ለማሽን አይደለም፡፡ በዋናነት የፈለገው ኤላሂር የሚባለውን የሴቶች እንቁላል ዕጢ ካንሰር መድኃኒትና ከጀርባው ያለውን ቴክኖሎጂ ነው፡፡

በዚህ መድኃኒት ውስጥ የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው ቅመም የትውልድ ሐረጉ ሲቆጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ተለቅሞ ወደ አሜሪካ ከተወሰደ የቁጥቋጦ ናሙና ላይ ይደርሳል፡፡ ተክሉ በሳይንስ አጠራሩ ሜይቴነስ ይባላል፡፡ በአገራችን አጣጥ እየተባሉ ከሚጠሩት ቁጥቋጦዎች ወገን ነው፡፡ ከዚህ ናሙና የተገኘው ንጥረ ነገር ሜይታንሲን የሚል ስም የወጣለት ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ለሳይንስ ዓለም ይፋ አድርገውታል፡፡

ታዲያ ከቁጥቋጦው ተነስቶ 10 ቢሊዮን ዶላር እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ገንዘቡ የቆመው የት የት ላይ ነው? ተክሉ ለበቀለበት አገርስ ለምን አልደረሰም? ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፡፡ አንድ የውጭ ገዢ የደን ቅጠል፣ ቅርፊት ወይም ሥር ፈልጎ በመጣ ቁጥር ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ መንግሥትም የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው፡፡

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1960 ከአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ሰፊ የዕፅዋት ፍለጋ ጀመረ፡፡ ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከተቋረጠበት ጊዜ ድረስ ወደ 35,000 ከሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች የተገኙ ከ110,000 በላይ ጭማቂዎች ተፈትሸዋል፡፡

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፡፡ የዕፅዋት ባለሙያ ቅጠሉን፣ ቅርፊቱንና ሥሩን ለየብቻ ይለቅማል፡፡ የተለቀመው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፡፡ የወጣው ጭማቂ በብልቃጥ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ወይም የደም ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ይሞከራል፡፡ ውጤት ያሳየው ጭማቂ በኬሚስት እጅ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ይሞከራል፡፡ ውጤት የሌለው እየተጣለ፣ ያለው እየተከፋፈለ ይቀጥላል፡፡ በመጨረሻ አንድ ንጹህ ንጥረ ነገር ይቀራል፤ መዋቅሩም ይታወቃል፡፡

የትኛው ተክል ይለቀም ለሚለው ጥያቄ በርካታ መልሶች አሉ፡፡ አንዱ ያገኙትን ሁሉ መልቀም ነው፡፡ ሌላው የባህል ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ማስቀደም ሲሆን፣ ሦስተኛው ቀድሞ ውጤት ያሳየ ተክል የቅርብ ዘመዶችን መከተል ነው፡፡ የሐሩር ደኖች ተፈላጊ የሆኑበት ምክንያት በትንሽ ቦታ ላይ እጅግ ብዙ የዕፅዋት ዓይነት የሚገኝባቸው በመሆናቸው ነው፡፡ ከነፍሳትና ከሻጋታ ጋር የማያቋርጥ ትግል ያለበት ተክል መሮጥ ስለማይችል ራሱን የሚከላከለው በመርዝ ነው፡፡ መጠኑ በልክ ሲሆን መርዙ መድኃኒት ይሆናል፡፡

ይህም ሆኖ አብዛኛው ፍለጋ ባዶ እጅ ይመልሳል፡፡ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሌላው የአገራችን ተክል ዋጊኖስ ነው፡፡ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ በነበረበት ጊዜ ለተቅማጥ እንደሚጠቅም ጽፎለታል፤ የተክሉ የሳይንስ ስም ብሩሲያ የተባለውም በእሱ ስም ነው፡፡ የካፕቻን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚሁ ተክል ብሩሲያንቲን የሚባል ንጥረ ነገር ማውጣቱን አስታወቀ፡፡ በአይጥ ላይ ያሳየው ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ስለነበር በሰው ላይ ተሞከረ፡፡ ይሁን እንጂ በሕሙማኑ ላይ ዕጢውን የሚያሟሽሽ ውጤት ባለመገኘቱ ፋይሉ ተዘጋ፡፡ ለዓመታት የወጣው ወጪ ሁሉ ኪሣራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፡፡

አንድ አይሱዙ ለአንድ ግራም

ወደ አጣጥ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ችግር የአቅርቦት ነበር፡፡ ከኢትዮጵያ በመጣው ናሙና ውስጥ የተገኘው የሜይታንሲን መጠን በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር፡፡ በነጋዴ ሒሳብ ሲሰላ አንድ ግራም ለማግኘት 5,000 ኪሎ ወይም 50 ኩንታል ደረቅ ተክል ያስፈልጋል፡፡ አንድ አይሱዙ ሙሉ ተጭኖ የሚወጣው አንድ ግራም ነው፤ ያውም በማጣራት ሂደት የሚባክነው ሳይታሰብ፡፡

በዚህ ምክንያት ፈላጊዎቹ ፊታቸውን ወደ ተክሉ ዘመዶች አዞሩ፡፡ በኬንያ ሺምባ ኮረብቶች የሚገኘው ሜይቴነስ ቡካናኒ የሚባለው ዘመዱ የተሻለ ይዘት እንዳለው ታወቀ፡፡ በ1970ዎቹ ለምርምር በተደረገ ለቀማ ከ27,000 ኪሎ በላይ ከአካባቢው መወሰዱ፣ በዚህም የተነሳ ለአካለ መጠን የደረሱት ተክሎች መመናመናቸው በተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ ሲጠቀስ ኖሯል፡፡ ገና መድኃኒት ሳይሆን፣ ገና ገበያ ሳይኖረው የተክሉ ክምችት ተነካ ማለት ነው፡፡

ሁለተኛው ችግር የከፋ ነበር፡፡ ሜይታንሲን የሕዋስን መከፋፈል የሚያስቆም ሲሆን፣ በብልቃጥ ሙከራ ቪንክሪስቲን ከሚባለው የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ የበረታ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ነገር ግን የታመመውንና ጤነኛውን ሕዋስ አይለይም፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰው ላይ ሲሞከር በሆድ ዕቃና በነርቭ ላይ ከባድ ጉዳት አሳየ፡፡ ካንሰሩ ላይ ያስገኘው ውጤት ደግሞ ጉዳቱን የሚያካክስ አልሆነም፡፡ ሙከራው ቆመ፡፡ በዚያን ጊዜ ሜይታንሲን ላይ ገንዘብ ያዋለ ሰው ቢኖር ገንዘቡ እንደጠፋ ይቆጠር ነበር፡፡

ከወደቀው ምርት ቢሊዮን እንዴት ወጣ?

የለወጠው ነገር ከአዲስ ተክል ሳይሆን ከአዲስ ማጓጓዣ የመጣ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢሚዩኖጄን መርዙን ብቻውን በደም ውስጥ ከመልቀቅ ይልቅ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ማሰር የሚል መንገድ ያዘ፡፡ ፀረ እንግዳ አካሉ አድራሻውን ያውቃል፤ መርዙ የሚፈታው ሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፡፡ ለዚህ የሚስማማ ዲኤም1 የሚባል የሜይታንሲን ተዋጽኦ ተሠራ፡፡ ቀድሞ ጉድለት የነበረው የመርዙ ብርታት አሁን ጥቅም ሆነ፤ ምክንያቱም ወደ ሕዋሱ የሚደርሰው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ደካማ መርዝ አይበቃም ነበር፡፡

ኢሚዩኖጄን እ.ኤ.አ. በ2000 ቴክኖሎጂውን ለጄኔንቴክ በፈቃድ ሰጠ፡፡ ካድሳይላ የሚባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት በፌብሩዋሪ 2013 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ፡፡ ወደ ገበያ ሲገባ የአንድ ወር ዋጋው በአሜሪካ 9,800 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነና 1,486 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይህን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት 88.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀድሞ በነበረው መድኃኒት ብቻ የታከሙት ግን 77 በመቶ ነበሩ፡፡ የጄኔንቴክ ባለቤት የሆነው የስዊዘርላንዱ ሮሽ እ.ኤ.አ. በ2022 ከካድሳይላ ወደ 2 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ የሚጠጋ ሽያጭ አስመዝግቧል፡፡

ኢሚዩኖጄን በበኩሉ ከካድሳይላ የሚያገኘውን የሮያሊቲ ገቢ ገና ሳይሰበስብ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገንዘብ ባለቤቶች አስተላልፎ 200 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ወስዷል፡፡ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ እዚህ ላይ አለ፡፡ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ወደፊት የሚመጣውን ገቢ የማግኘት መብትም ይሸጣል፣ ይለወጣል፡፡ መብቱ ግን የሚሸጠው በወረቀት ላይ ሲኖር ነው፡፡

ቅጠሉ ለምን ከጨዋታ ወጣ?

በካድሳይላ መመሪያ መሠረት አንድ ታማሚ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠው መጠን በኪሎ ክብደት 3.6 ሚሊ ግራም ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ የዲኤም1 ድርሻ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፡፡ ክብደቷ 60 ኪሎ ለሆነ ታማሚ ሲሰላ በአንድ ዙር 3.6 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል፡፡ ይህ መጠን ከኢትዮጵያው ተክል ይውጣ ቢባል ለአንድ ዙር 18 ኪሎ፣ ለ14 ዙር ደግሞ 250 ኪሎ ወይም ሁለት ኩንታል ተኩል ደረቅ ተክል ይጠይቃል፡፡ ለአንድ ሰው ሁለት ኩንታል ተኩል፣ ለአሥር ሺህ ሰው 25,000 ኩንታል፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ ለአቅራቢ ትልቅ ገበያ ይመስላል፡፡

ገበያው ግን አልተፈጠረም፡፡ የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 አንሳሚቶሲን የሚባል የሜይታንሲን የቅርብ ዘመድ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ አገኙ፡፡ ባክቴሪያውን በታንክ ውስጥ እያባዙ፣ ልክ ጠላ ወይም ጠጅ እንደሚጠነሰሰው ሁሉ በማብላላት የፈለጉትን ያህል ማምረት ተቻለ፡፡ ዛሬ የዲኤም1 መነሻ ጥሬ ዕቃ የሚገኘው ከዚሁ ታንክ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በተክሉ ውስጥ የሚገኘውንም ሜይታንሲን የሚሠሩት በሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አመልክተዋል፡፡

ከንግድ አንጻር ትርጉሙ ግልጽ ነው፡፡ ተክሉ የሰጠው መረጃውን ነው፡፡ መዋቅሩ ከታወቀና ሌላ ርካሽ ምንጭ ከተገኘ በኋላ ቅጠሉን የሚፈልገው የለም፡፡ ቅጠል በኪሎ ለመሸጥ የተዘጋጀ ሰው ሊሸጥ የሚችለው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ማዳበሪያዎች ብቻ ነው፡፡

ቅጠል አሁንም የሚሸጥበት ገበያ

ሁሉም መድኃኒት ግን በዚህ መንገድ አልሄደም፡፡ መነሻው ማዳጋስካር የሆነውና በሞቃት አገሮች በየግቢው በአበባነት የሚተከለው የማዳጋስካር ፔሪዊንክል የሚባለው ተክል ተቃራኒ ምሳሌ ነው፡፡ በ1950ዎቹ የካናዳ ተመራማሪዎች ከጃማይካ በተላከላቸው ቅጠል ላይ ለስኳር በሽታ የሚሆን መድኃኒት ሲፈልጉ ነጭ የደም ሕዋስን የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙ፡፡ የአሜሪካው ኢላይ ሊሊም በራሱ በኩል በዚሁ ተክል ላይ ሠርቶ ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን የተባሉትን መድኃኒቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አበቃ፡፡ ቪንክሪስቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተዳምሮ፣ ቀድሞ ሞት ማለት የነበረውን የሕፃናት የደም ካንሰር ዛሬ ባደጉት አገሮች አብዛኞቹ ሕፃናት የሚድኑበት በሽታ እንዲሆን ረድቷል፡፡

የእነዚህ መድኃኒቶች መዋቅር እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ በፋብሪካ ከዜሮ መሥራት አያዋጣም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች መነሻ ክፍሎቻቸውን በእርሾ ውስጥ መሥራት እንደሚቻል ቢያሳዩም፣ ጥሬ ዕቃው ለረጅም ዘመናት ሲገኝ የኖረው ከእርሻ ነው፡፡ አንድ ግራም ቪንብላስቲን ለማውጣት ግማሽ ቶን ያህል ደረቅ ቅጠል እንደሚያስፈልግ ይነገራል፡፡ ተክሉ ግን ለማልማት ቀላል፣ በብዙ አገር የሚበቅል ነው፡፡ ስለዚህ አልሚው ብዙ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፡፡ የመድኃኒቶቹ ፓተንት ካለቀ ዘመን ተቆጥሯል፤ ትርፉም ጠቧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ቴቫ ቪንክሪስቲን ማምረት ሲያቆም የአሜሪካ ገበያ በፋይዘር ብቻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሆስፒታሎች ለሕፃናት የሚሰጡት መድኃኒት እስከ ማጠር ደርሶባቸዋል፡፡

ሌላው ምሳሌ ከአውስትራሊያ ነው፡፡ በሰሜን ኩዊንስላንድ የዝናብ ደን ውስጥ በተወሰነ አካባቢ ብቻ ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የተገኘው ቲጊላኖል ቲግሌት የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ለውሾች የቆዳ ዕጢ ማከሚያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓና በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፡፡ ባለቤቱ ኪውባዮቲክስ የተባለ የዚያው አገር ኩባንያ ነው፡፡ ደኑን ከመጨፍጨፍ ይልቅ ዛፉን አልምቶ ከፍሬው ያወጣል፡፡ እዚህ ላይ ደኑም፣ ምርምሩም፣ ፓተንቱም፣ እርሻውም በአንድ አገር ውስጥ ናቸው፡፡ ገንዘቡ በአገር ውስጥ የቀረበትም ምክንያት ይኸው ነው፡፡

የኮስታሪካ ውል

የሐሩር ደን ያለው አገር ምን ሊጠይቅ ይችላል ለሚለው የመጀመሪያው ታዋቂ መልስ የተሰጠው በኮስታሪካ ነው፡፡ ኢንቢዮ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአገሪቱ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1991 ከአሜሪካው መርክ ጋር የሁለት ዓመት ውል ተፈራረመ፡፡ መርክ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ጥሬ ገንዘብና መሣሪያ በቅድሚያ ሰጠ፤ መድኃኒት ከተገኘም ሮያሊቲ ሊከፍል ተስማማ፡፡ ከቅድሚያው ክፍያ 10 በመቶው፣ ከሮያሊቲው ደግሞ ግማሹ ለደን ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ፡፡

ውሉ በየኮንፈረንሱ ሲወደስ ኖረ፡፡ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ናሙና ለገበያ የበቃ መድኃኒት አልወጣም፡፡ ሮያሊቲው በወረቀት ላይ ቀረ፡፡ ኢንቢዮ በገንዘብ እጦት ተዳክሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ስብስቦቹን ለመንግሥት አስረከበ፡፡ በእጁ የገባው በቅድሚያ የተከፈለው፣ የሠለጠነው የሰው ኃይልና መሣሪያው ነው፡፡

ይህ የሆነበትን ምክንያት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል፡፡ ለምሳሌ ያህል ከ10,000 ናሙናዎች አንዱ መድኃኒት ይሆናል፣ መድኃኒቱም ለ10 ዓመት በየዓመቱ 1 ቢሊዮን ዶላር ይሸጣል፣ የሮያሊቲው ድርሻም 1 በመቶ ነው እንበል፡፡ ጠቅላላው ሮያሊቲ 100 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፡፡ ለ10,000 ሲካፈል ለአንድ ናሙና 10,000 ዶላር ይደርሳል፡፡ ክፍያው የሚጀምረው ግን ከ15 ዓመት በኋላ ቢሆንና ወለዱ 10 በመቶ ቢታሰብ፣ ያ 10,000 ዶላር ዛሬ ያለው ዋጋ ከ2,400 ዶላር አይበልጥም፡፡ ግምቶቹ ቢለዋወጡም ድምዳሜው አይለወጥም፡፡ ያልተመረመረ ናሙና ዋጋው ትንሽ ነው፡፡ ዋጋው የሚጨምረው ምርመራው በገፋ ቁጥር ነው፤ ጭማሪውንም የሚወስደው ምርመራውን የሠራው ወገን ነው፡፡

ሕጉና የጤፍ ትምህርት

የአጣጡ ናሙና ከአገር ሲወጣ ለባለ ሀብቱ አገር ድርሻ ይከፈል የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም፡፡ አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ያረጋገጠው የብዝሃ ሕይወት ኮንቬንሽን የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ ነው፡፡ ኢትዮጵያ በ1994 አጽድቃዋለች፡፡ ዝርዝሩን የደነገገው የናጎያ ፕሮቶኮል በ2010 ወጥቶ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል፡፡ ሁለቱም ወደኋላ ተመልሰው አይሠሩም፡፡ የዓለም ትልቁ የመድኃኒት ገበያ የሆነችው አሜሪካ ደግሞ ኮንቬንሽኑን ፈርማ ሳታጸድቀው ቆይታለች፡፡

በአገር ውስጥ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል፡፡ በአዋጁ መሠረት የዕፅዋትን የዘረመል ሀብት ለምርምር ወይም ለምርት ልማት የሚፈልግ ሁሉ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘትና የጥቅም መጋራት ውል መፈረም አለበት፡፡ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንደሚሰጥም ይደነግጋል፡፡ ያለ ፈቃድ መውሰድ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል፡፡ በሌላ በኩል ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥ ምርት በአዋጁ አይሸፈንም፡፡ ቡና ለመጠጥ፣ ኮረሪማ ለወጥ የሚልክ ነጋዴ አዋጁ አይመለከተውም፡፡

ሕግ መኖሩ ብቻ ግን ገንዘብ አያመጣም፡፡ ጤፍ ይህን አሳይቷል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጥቅም መጋራት ውል ፈረመች፡፡ ኩባንያው በ2007 ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር በተያያዘ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፡፡ በ2009 ከሰረ፡፡ ፓተንቱ ግን አብሮ አልሞተም፤ ውሉን ወዳልፈረመ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ፡፡ ኢትዮጵያ በመጨረሻ የደረሳት 4,000 ዩሮ ብቻ መሆኑ በጥናት ተጽፏል፡፡ ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውድቅ የተደረገው በሔግ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ2018 ነው፡፡ ያስቻለውም የጥቅም መጋራት ውሉ አይደለም፤ ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለውም የሚል ክርክር ነው፡፡

አዲሱ ፈተና ደግሞ ናሙናው ራሱ መጓዙ መቅረቱ ነው፡፡ የአንድ ተክል ወይም ባክቴሪያ ዘረመል ተነብቦ በኮምፒዩተር ከተቀመጠ፣ ተመራማሪው ቅጠሉን ሳይነካ ሊሠራበት ይችላል፡፡ ለዚህ መልስ ይሆናል የተባለው የካሊ ፈንድ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ሮም ላይ ተቋቁሟል፡፡ እንዲህ ያለ መረጃ የሚጠቀሙ ትላልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከሽያጫቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ከፈንዱም ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ታስቧል፡፡ መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፡፡

ለነጋዴውና ለባለሀብቱ ምን ማለት ነው?

ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች ለገበያ ሰው የሚሆኑ አራት ነጥቦች ይወጣሉ፡፡

አንደኛ፣ "ካንሰር ያድናል" የተባለ ቅጠል በኩንታል ሰብስቦ ማከማቸት ንግድ አይሆንም፡፡ መድኃኒት አምራች በምርምር ወቅት የሚፈልገው ጥቂት ኪሎ ነው፡፡ በምርት ወቅት ደግሞ ወይ ታንክ ውስጥ ያባዛዋል፣ ወይ ራሱ በሚቆጣጠረው እርሻ ያለማዋል፡፡ በተጨማሪም በብልቃጥ ውስጥ ሕዋስ የገደለ ጭማቂ ሁሉ ሰው አያድንም፤ ሜይታንሲን ራሱ ብቻውን ሲሰጥ ይጎዳ ነበር፡፡ ለሕሙማን በቀጥታ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከንግድ አልፎ የሰው ሕይወት ይሆናል፡፡

ሁለተኛ፣ የገዢው አጠያየቅ ዓላማውን ይናገራል፡፡ ቅጠሉን፣ ቅርፊቱንና ሥሩን ለየብቻ፣ ከተለያየ ቦታ፣ የተለቀመበት ሥፍራና ቀን ተጽፎበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚፈልግ ገዢ ፍጆታ አይደለም የያዘው፤ ፍለጋ ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ዕቃ ያለ ኢንስቲትዩቱ ፈቃድ የሚያሻግር ደላላ ለጥቂት ሺህ ብር ሲል ራሱን ለክስ፣ አገሩን ለኪሣራ ይዳርጋል፡፡

ሦስተኛ፣ በዚህ ንግድ ዋጋ የሚወሰነው በውል ቃላት ነው፡፡ "ከቅጠሉ የሚገኝ" የሚል ውል ቢኖር ኖሮ እንኳ የአጣጡ ባለቤት ከካድሳይላ ምንም ባልደረሰው ነበር፤ መድኃኒቱ ከቅጠል አይሠራምና፡፡ ውሉ ከናሙናው በተገኘ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሠራን ማንኛውንም ተዋጽኦ፣ ከሌላ ምንጭ የተመረተውንም ጭምር ማካተት ይኖርበታል፡፡ ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ቢከስር ግዴታው ፓተንቱን ተከትሎ እንዲሄድም መጻፍ አለበት፤ የጤፉ ክፍተት እዚህ ላይ ነበር፡፡ ክፍያውም በየደረጃው ቢከፋፈል ይሻላል፤ ናሙና ሲሰጥ፣ ንጥረ ነገሩ ሲለይ፣ በሰው ላይ ሙከራ ሲጀመር፣ ፈቃድ ሲገኝ፡፡ የሩቁን ሮያሊቲ ብቻ መጠበቅ የኮስታሪካን ዕድል መድገም ይሆናል፡፡

አራተኛ፣ በአገር ውስጥ ገንዘብ ሊዋልበት የሚችለው ቦታ ከቅጠሉ አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ነው፡፡ ተክሉን በትክክል መለየትና መመዝገብ፣ በሥርዓት ማድረቅ፣ ጭማቂ አውጥቶ የመጀመሪያውን ፍተሻ በአገር ቤት ላቦራቶሪ መሥራት የናሙናውን ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ፡፡ የብሔራዊ ሄርባሪየሙ የተክል ስብስብና የዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ክፍሎች ለዚህ መነሻ ይሆናሉ፡፡ ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ትርፉም የሚዘገይ በመሆኑ በአጭር ብድር የሚሠራ ነጋዴ የሚገባበት አይደለም፡፡ ረጅም ገንዘብ ያላቸው፣ ከዩኒቨርሲቲና ከኢንስቲትዩቱ ጋር በሽርክና የሚሠሩ ድርጅቶች ግን ሊያስቡበት ይችላሉ፡፡

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ደኑ ራሱ ነው፡፡ ሜይታንሲን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋጋ አልነበረውም፤ ከ2013 ወዲህ ግን ቢሊዮኖች አወጣ፡፡ የትኛው ቁጥቋጦ ከ30 ዓመት በኋላ ተፈላጊ እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፡፡ ለከሰልና ለማሳ የሚመነጠር ደን ዛሬ የሚያስገኘው ገንዘብ ይቆጠራል፤ አብሮት የሚጠፋው ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፡፡ አገሪቱ ሁለተኛ አጣጥ ቢገጥማት ድርሻዋን ልትጠይቅ የምትችለው ተክሉ በቦታው ካለ፣ ስሙ በመዝገብ ከሰፈረና ውሉ ናሙናው ከመውጣቱ በፊት ከተፈረመ ብቻ ነው፡፡